የደጅይጥኑ የጾም ዘይት

በሁዳዴ ቅቤ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቀባብቶ እንዳያወራው ብዬ እንጂ ጥፋት ኖሮብኝ አይደለም። ሰይዳ እባላለሁ፤ ሰቆጣ ገበያው ዳር ኑግ፣ ሱፍ፣ ማርና ቅቤ እሸጣለሁ። አባቴም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያረጀው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ሲጾሙ ቅቤ ይረክሳል፤ እኔ በርካሽ ገዝቼ ፋሲካ ሲደርስ አወጣዋለሁ። በጾሙ መሐል ገዢ ከመጣም ለምን መጣህ ብዬ አልመረምርም፤ የሰው ነፍስ አባት አይደለሁም። ጥፋተኛ ነሽ የሚለኝ ካለ ሱቄ ክፍት ነው፣ መጥቶ ፊት ለፊት ይንገረኝ።

የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ደጅይጥኑ ነው።

ደጅይጥኑ የደሃና ልጅ ናት። መንደሯ ከአምደወርቅ ሽቅብ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ከገብስ ሌላ እምብዛም አይበቅልበትም። እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ዓይናዲስ ናት። ዓይናዲስ ራሷ ሳትማር፣ በየሳምንቱ ስንቅ በአህያ እየጫነች ታናሿን አምደወርቅ አስተማረቻት። ሁለቱ የሚያወሩት በኽምጣኛ ነው። ደጅይጥኑ አማርኛዋ እንደ ከተሜ ቢሆንም ከእህቷ ጋር ስትሆን አንድም ቃል በአማርኛ ሲያመልጣት ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቋንቋውን በንግድ ስለለመድኩት የሚባባሉትን እሰማ ነበር፤ ግማሹ መተራረብ፣ ግማሹም መሳቅ ነው።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ተማረች፤ ባሕር ዳርም አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጠረች። የምትሠራውን መጀመሪያ ስትነግረኝ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

«ለስላሳ ሲከፍቱ ቱሽ የሚለውን ጋዝ ያውቁታል፣ እትዬ ሰይዳ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ፤ ሆዴን የሚነፋኝ።»

«እሱን በብረት ዕቃ ውስጥ በኃይል እንጨምቀዋለን። ትንሽ ሞቅ ሲል ጋዝም ፈሳሽም መሆኑ ይቀራል። እንደ ጋዝ በየቀዳዳው ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ደግሞ ያሟሟል። በውኃ የማይሟሙትን፣ ስብ ብቻ የሚያሟሟቸውን ቪታሚኖች፣ እነ ኤን፣ እነ ዲን፣ እነ ኢን ይዟቸው ይወጣል።»

«ይዟቸው የት ይሄዳል?»

«የትም። ግፊቱን ስንቀንስለት የተሸከመውን ሁሉ ይጥልና እሱ በንኖ ይጠፋል። ሽታ የለው፣ ቅሪት የለው።»

ሥራዋ በብረቱ ዕቃ ጎን በተገጠመች ወፍራም የመስታወት መስኮት ማየት ነበር። ቪታሚኑና ጋዙ አንድ ሲሆኑ መስኮቷ ጥርት ትላለች። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ጭጋግ ይነሣና ይለያያሉ። ያ ጭጋግ የቱ ቪታሚን ላይ፣ በምን ያህል ግፊትና ሙቀት እንደሚመጣ እያየች ትመዘግባለች። አንድ ሰው ለዚህ ደመወዝ ሲከፈለው የሰማሁት ያኔ ነው።

ልጇን ልትወልድ ሰቆጣ በመጣችበት ሰሞን ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ባሏ ሹፌር ነው፣ ከወዲያ ማዶ ቀረ። ለአራሷ የደረሰላት ጎረቤቷ ወንዳወቅ ነው። ወንዳወቅ የውኃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ እጁ የነካው ሞተር ሁሉ የሚነሣ፣ አፉ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ከተማው ሲጨንቀው ሕፃኑን በጋቢ አዝሎ፣ እሷን በበቅሎ አስቀምጦ ደሃና፣ ዓይናዲስ ቤት አደረሳቸው። እዚያም አብሯቸው ከረመ። ዓይናዲስ ያላትን ገብስ ለሁሉም አካፈለች፤ ወንዳወቅም የደረሰውን ቀንሶ ለአራሷ ይሰጥ እንደነበር ደጅይጥኑ ራሷ ነግራኛለች። ይህን የሚክድ ሰው የለም፣ እኔም አልክድም።

ሕፃኑ አርባ ቀን ሲሞላው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣ። የክርስትና አባቱ ወንዳወቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅይጥኑና ወንዳወቅ አበልጅ ናቸው። እነሱ ዘንድ አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና አያንስም፤ አበልጅ አይጋባም፣ አይካሰስም፣ አይረጋገምም። ዓይናዲስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተሳለች። ይህን ክፉ ቀን ሁላችንም በሕይወት ካለፍነው፣ እስክሞት ድረስ ሁዳዴን ያለ ምንም ሰበብ እጾማለሁ፣ ብታመምም ብወልድም የፍስክ ነገር አልነካም አለች። ቀኑ አለፈ፤ ሁሉም ተረፉ፤ ስለቷ አንገቷ ላይ ቀረ።

ሰላም ሲመለስ አንድ ፕሮጀክት ሰቆጣ ገባ። ሐሳቡን ጽፋ ያቀረበችው ደጅይጥኑ ራሷ ናት። በኛ አገር ደጋው ላይ ዳፍንት ብዙ ነው። ቀን ደህና የሚያይ ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ መቃኑን ሲዳብስ ታገኙታላችሁ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ሴት። ቪታሚን ኤ ስለሚያንሳቸው ነው። ጉበትና ቅቤ ቢበሉ ይድናሉ፤ ጾሙ ግን ረጅም ነው። ጤና ኬላው የሚያድለውን እንክብል ደግሞ ሽፋኑ ከእንስሳ ነው ስለተባለ የማይውጡ አሉ። ደጅይጥኑ ታዲያ ከካሮት ቪታሚኑን በዚያ ጋዝ አውጥታ በኑግ ዘይት ውስጥ ጠብታ አድርጋ ልትሰጥ አሰበች፤ ንጹሕ የጾም ዘይት።

«ካሮቱን ለምን አይበሉትም?» አልኳት።

«ደሃና ላይ ካሮት የሚገኘው ስንት ወር ነው? ተልኮስ ሳይበሰብስ ይደርሳል? ይህን ግን አንድ ብልቃጥ ብሰጣት ጾሙን ታሳልፋለች።»

አንድ የጭነት መኪና ማሽኑን ከሱቄ ኋላ ካለው ግቢ አራገፈው። ባሕር ዳር ካለው ይተልቃል፣ ግን እሱም መስኮት አለው። የግቢው ሰዎች ትልቁን ብረት ዕቃ ጋን አሉት፤ ስሙ ጋኑ ሆኖ ቀረ። ጋዙ በሲሊንደር በአይሱዙ ይመጣል። ለፓምፑ መካኒክ ሲያስፈልግ ደጅይጥኑ ሌላ ሰው አላሰበችም፤ አበልጇን አስቀጠረች። ቆየት ብሎም የግቢው ኃላፊ አደረጉት፤ እሷ ዘይቱን ይዛ በየመንደሩ ትዞራለችና።

የመጀመሪያውን ሰሞን አልረሳውም፤ ስንቴ ስቀናል። አንድ ቀን ጠርታኝ በመስኮቷ አሳየችኝ። ታች ፈሳሽ፣ ላይ ጋዝ፣ መሐላቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አለ። ሞቅ ሲል መስመሩ እየሳሳ ሄዶ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ሁለቱ አንድ ሆኑ። የት ሄደ ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።

ካሮቱ ግን አስቸገራቸው። የካሮት ቀለም ወደ ጋዙ መግባት የማይወድ እልኸኛ ነገር ነው፤ ከባድ ግፊት ይፈልጋል። ደጅይጥኑ ትንሽ የኑግ ዘይት ጨመረችበት፤ ኑጉ በቀላሉ ስለሚሟሟ ካሮቱን እንደ ሽማግሌ ለምኖ ይዞት ይገባል አለችን። ያም ሆኖ ቶሎ አልሆነም። ወንዳወቅ ጊዜ አላባከነም፣ ሙቀቱን ከፍ አደረገው። ሰውየው ቅቤ ሲነጠር እያየ ያደገ ነው፤ አልሟሟ ያለ ስብ ካለ እሳት ይጨመርበታላ። ወዲያው መስኮቷ ደፈረሰች፣ የተሟሟውም ሁሉ ወረደ። ደጅይጥኑ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አበልጄ፣ ይህ ድስት አይደለም» አለችው። «ጋዙ ጉልበቱ መጠቅጠቁ ነው። በዚህ ግፊት ስታሞቀው ይሳሳል፣ ሲሳሳ የያዘውን ይለቃል። እሳት የሚረዳው ግፊቱ እጅግ ሲበረታ ብቻ ነው።»

እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግፊቱን እያበረቱ ሠሩ፣ ቀላ ያለ ብጫ ዘይትም ወጣ። ለገና ሰሞን የመጀመሪያዎቹን ብልቃጦች ሞልተው ነበር።

በዚያው ወራት ዓይናዲስ ወለደች። ደጅይጥኑ ልትጠይቃት ሄዳ ሲመሽ እህቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከምሰሶው ጋር ስትጋጭ አየቻት። መደበቂያ ያጣችው ያኔ ነው እንጂ ዳፍንቱ ከጀመራት ቆይቷል። የመንደሩ ካህን ቄስ ገብረ ጻድቅ አራስ ነሽና ጾሙ አይመለከትሽም ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ስለት አለብኝ አለች። እንክብሉንም አልውጥም አለች። ሁዳዴ ሊገባ ነው። ሕፃኑን ይዛ ምድጃ ላይ ብትወድቅስ?

በቅበላ ሰሞን ደጅይጥኑና ወንዳወቅ ዘይቱን ይዘው ደሃና ወጡ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። ወንዳወቅ ብልቃጡን ይዞ ከአጠገቧ ቆመ። ቄስ ገብረ ጻድቅ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ከእንስሳ የሆነ ነገር አለበት?»

«የለበትም አባ። ካሮትና ኑግ ነው።»

«እንዴት እናምናለን?»

«በልጄ ክርስትና!» አለች ደጅይጥኑ። «የክርስትና አባቱም ይኸው፣ ከጎኔ ቆሟል።»

ወንዳወቅ ራሱን ነቀነቀ። ዓይናዲስ የመጀመሪያዋን ማንኪያ የወሰደችው እዚያው፣ በሁሉም ፊት ነው። ሌሎቹም ተከተሏት።

የዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡ፤ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። እኔም ከንፈሬ እየደረቀ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ወንዳወቅ መጥቶ ቅቤ ሽጪልኝ አለኝ። ከደብሬ ቅቤ ነው የፈለገው። ደብሬ የአምደወርቅ ደንበኛዬ ናት፤ ቅሏን በወይራ ስለምታጥን ቅቤዋ ከሩቅ ይታወቃል፣ ስቡም ወፍራም ነው።

«በጾም?» አልኩት ለጨዋታ።

«ለፋሲካ ነው፤ ሳይወደድ ልያዝ ብዬ» አለኝ።

አስተዋይ አባወራ አልኩ በልቤ። በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ መጣ፤ በሚቀጥለውም። ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ ድግስም ይኖረው ይሆናል ብዬ መዘንኩለት።

በጾሙ እኩሌታ ላይ ደጅይጥኑ ከደሃና ተመልሳ ሱቄ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። ዓይናዲስ ሲመሽም ማየት ጀምራለች። ከጓሮ እንጨት ይዛ ብቻዋን ገባች፤ መቃኑን አልዳበሰችም። «እታለም፣ ፀጉርሽ አላማረብሽም» አለችኝ አለች፤ «በምሽት! ፀጉሬን አየችው!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ወንዳወቅም ነበር። አቅፎ አነሣት፣ እኔም እልል አልኩላቸው። ያን ዕለት የጠጣሁትን የማፍጠሪያ ውኃ ጣዕም እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ረመዳን አለቀ፣ ዒድ ሆነ፣ እነሱ ገና ይጾማሉ። ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ሄዶ ግቢው ባዶ ነው፤ ወንዳወቅም ሄዷል። ደጅይጥኑ ለእህቷ የምታደርሰው ዘይት ስላለቀባት ራሷ ልታወጣ ገባች። ጋኑ ተሞልቶ፣ ግፊት ይዞ ቆይቷታል። ከወራት በኋላ ከመስኮቷ ፊት መቀመጧ ስለሆነ ደስ እያላት ነው የጀመረችው።

ግፊቱን ቀስ እያለች ለቀቀች። ካሮት ቢሆን ኖሮ ገና ትንሽ ዝቅ ሲል የሚያኮርፈው እሱ ነው፤ መስኮቷ ቀላ ያለ ጭጋግ ትለብስ ነበር። አልለበሰችም። ደግሞ ዝቅ አደረገችው፤ ጥርት እንዳለ ነው። ካሮት ተሟሙቶ ሊቆይ የማይችልበት ግፊት ላይ ደርሳ እንኳ መስኮቷ እንደ ምንጭ ውኃ ትታያለች። በመጨረሻ፣ በጣም ታች ወርዶ፣ ነጣ ያለ ጭጋግ ተነሣ። ጋዙ ሲወጣ ብረቱን ስለሚያቀዘቅዘው በመውጫው ቧንቧ ላይ ብጫ ነገር ረግቶ ተጋገረ። በጥፍሯ ፋቀችው።

ሱቄ ስትገባ ጣቷን ከፊቷ ዘርግታ ነው የመጣችው።

«እትዬ ሰይዳ፣ ይህን ይቅመሱልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ፤ እርስዎ አሁን አይጾሙም። ይቅመሱና ይንገሩኝ።»

ቀመስኩት። መልሱን ለመስጠት ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ዕድሜ ልኬን የሸጥኩት ነገር ነው። ወይራው ጭምር አለበት።

«ቅቤ ነው» አልኳት። «የደብሬ ቅቤ ነው። ከዚህ ከኔ ቤት የወጣ።»

«ማን ገዛው?»

«ወንዳወቅ።»

«መቼ?»

«በየገበያው ቀን፤ ጾሙ ከገባ ጀምሮ።»

ኑግ የተሞላው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ብልቃጡ ውስጥ ከኑግ ጋር ይቀላቀላል፣ ኑግ ደግሞ የማይሸፍነው ሽታ የለም፤ ለዚህ ነው ማንም ያላወቀው። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግሞ ጠረገች፣ ከዚያ ውኃ ለመነችኝና ታጠበች። አላለቀሰችም። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

ወንዳወቅ ከስግደት ሲመለስ ግንባሩ ላይ አፈር ነበረበት። በሱቄ በር አልፎ ግቢ ሊገባ ሲል ጠራችው። ጋኑን ከፍቼዋለሁ ብቻ ነው ያለችው። ለመካድ አልሞከረም።

«አበልጄ፣ ፓምፑ ከጥምቀት ወዲህ ግፊቱን ማውጣት አቅቶታል» አላት። «መለዋወጫውን ጠይቄ አልመጣም። በዚህ ግፊት ካሮቱ ምንም አይሰጥም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ። ቅቤው ግን ይሟሟል። ቪታሚኑም እዚያው ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትዘጊው ነበር። የፕሮጀክቱ ጎብኚዎች ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ፤ ባዶ ጋን ላሳያቸው? እህትሽስ? በዳፍንት ትቅር? ይኸው ዓይኗ በራ። ምን ጎደለ?»

ምን ጎደለ ሲል ከልቡ ነው፤ የጎደለው አልታየውም። እኔን ያበገነኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ደጀ ሰላሙ ላይ ስምል የት ነበርክ?» አለችው።

«አጠገብሽ።»

«ፓምፑ ያኔ ደህና ነበር?»

ወደ ግቢው በር ዞረ።

«በማን ማልኩ፣ ወንዳወቅ?»

በስሙ ስትጠራው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁልጊዜ አበልጄ ነበር የምትለው። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገና መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

 እሱ ከሄደ በኋላ ያለችኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ጦርነቱ ሲያስጨንቀን ሁላችንንም ተሸክሞ ነበር፣ እትዬ ሰይዳ። ልጄን፣ እኔን፣ እህቴን። ያ ሁሉ እውነት ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጭንቁ ሲለቅቀው ጣለን።» እኔ ኬሚስትሪ አልተማርኩም፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ጋዙ ከነገረችኝ ሁሉ በላይ ገባኝ።

ሽማግሌዎች መጡ። አበልጅ አይካሰስምና ታረቂው አሏት። እሷም አልከሰውም አለች። ደግሞም ለሴቶቹ ዝም በያቸው አሏት፤ ሳያውቁ የበሉት ነው፣ ብትነግሪያቸው ሕሊናቸውን ታቆስያለሽ፣ ለማን ይጠቅማል? እኔም እንደዚያው አልኳት። አሁንም ቢሆን ዝም ማለት ነበረባት እላለሁ። ጾም ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ ሳላውቅ በረመዳን ቀን ውኃ የሰጠኝ ሰው ቢኖር እንዳይነግረኝ ነው የምለምነው። እሷ ግን፣ «እኔ አውቄዋለሁ። አንዴ ካወቅሁ ዝም ያልኩበት ቀን ሁሉ እንደገና መማል ነው» አለች። እልኸኛ ናት፤ እንደዚያ እንደ ካሮቷ።

በዳግማ ትንሣኤ ደሃና ወጣች። እኔም አምደወርቅ ገበያ ጉዳይ አለኝ ብዬ ተከትያት ሄድኩ፤ ጉዳይ አልነበረኝም። ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ደጀ ሰላም፣ በማለችበት ቦታ ቆማ ነገረቻቸው። ቅቤ ነበረበት፤ እኔ አላወቅሁም፤ ማመናችሁ ግን በእኔ ቃል ነው፤ ይቅር በሉኝ። ወንዳወቅን በስም አልጠራችውም። ለምን አልጠራችውም ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔም ጠይቄያት አልመለሰችልኝም።

ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዷ አለቀሰች። አንዲት አሮጊት ግን፣ «ለካስ ዘንድሮ ጉልበቴ የበረታው ለዚህ ነው» ብላ አሳቀቻቸው። ቄስ ገብረ ጻድቅ መስቀላቸውን አነሡና ሳያውቁ የሆነ ነው፣ ሁላችሁም ጥቂት ስገዱ፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ አሉ። ሴቶቹም አንድ በአንድ መጥተው ደጅይጥኑን ሳሟት። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ዓይናዲስ ሕፃኑን አዝላ ከዋርካው ሥር ቆማለች። ደጅይጥኑ ሄደች፣ በኽምጣኛ ብዙ ነገር ተናገረች። ስለ ስለቷ፣ ስለ መሐላዋ፣ ስለ ዓይኗ ነው የተናገረችው። እግሯ ላይ ልትወድቅም ሞከረች፤ ዓይናዲስ በክንዷ ያዘቻትና አቆመቻት። ከዚያ መለሰችላት።

በአማርኛ ነው የመለሰችላት። ዓይናዲስ አማርኛ የምትናገረው ከጤና ኬላ ሠራተኛና ከእንግዳ ጋር ነው፤ እሱንም እየሰባበረች ነው። ቃሎቹን እየፈለገች፣ ቀስ እያለች ተናገረች።

«ዘይት አልጠጣሁም። ቃልሽን ነው የጠጣሁት። ስለ ድካምሽ እግዜር ይስጥልኝ። በደህና ግቢ።»

ደጅይጥኑ ደግማ በኽምጣኛ ጠራቻት። ዓይናዲስ ሕፃኑን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ጀርባዋ ላይ አመቻቸችና ወደ ቤቷ መንገድ ወረደች። እኔ እዚያ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ፕሮጀክቱ ያንኑ ክረምት ተዘጋ። ጋኑ አሁንም ከሱቄ ኋላ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ጎብኚዎቹ ግን ከመዘጋቱ በፊት መጥተው ነበር። ወንዳወቅ ተቀብሎ አስጎበኛቸው፣ ደሃና ላይ ዓይናቸው የበራ ሴቶችን ቁጥር ነገራቸው፣ ቁጥሩም እውነት ነበር። አሁን ባሕር ዳር ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። በየጥምቀቱ ለክርስትና ልጁ ልብስ ይልካል። ደጅይጥኑ አትመልሰውም፤ ልጁም ያን ልብስ ለብሶ አላየሁትም።

እሷ አምደወርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ሰቆጣ የተሻለ ሥራ አግኝታ ነበር፤ እምቢ አለች። ለእህቷ መንደር ቅርብ ልሁን ብላ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ይዛ ትወጣለች፤ ድሮ ዓይናዲስ ለእሷ በአህያ በምታመጣበት መንገድ። ስንቁን አጥሩ ላይ ታስቀምጥና ትመለሳለች። ዓይናዲስ ስንቁን ታስገባዋለች ወይስ ለውሻ ትሰጠዋለች፣ ደጅይጥኑ አታውቅም።

ባለፈው ገበያ ሰቆጣ መጥታ ሱቄ ገባች። ሻይ ሰጠኋት፤ ስኳር ሳታደርግ አማሰለችው።

«አየችኝ፣ እትዬ ሰይዳ» አለችኝ።

«ማን?»

«እህቴ። መንገድ ላይ ዘግይቼ ስደርስ መሽቶ ነበር። ከማሳው ማዶ ነኝ፤ የሰው መልክ የማይለይበት ጊዜ ነው። ድሮ ቢሆን ደጃፏን ዳብሳ ነው የምትገባው። ደጅ ቆማ እህል በወንፊት ስትነፋ ቀና አለች። ከዚያ ማዶ ሆኜ፣ በዚያ ምሽት፣ እኔ መሆኔን ለየችኝ።»

«ታዲያ?» አልኳት።

«ወንፊቱን አነሣች፣ ገባች፣ መወርወሪያውን ስትጥል ሰማሁት።»